ኳሷን ማን ፋቃት? ተጫዋቹስ የማን ነው? ከሉጎጎ ሜዳ የተሰማ ክርክር

ባለፈው ወር አንድ የሰባተኛ ክፍል ተማሪዬ የሒሳብ ደብተሩን ሊያሳርም መጥቶ ሳለ «ቲቸር፣ እኔ ለዩጋንዳ መጫወት እችላለሁ?» ብሎ ጠየቀኝ። እግር ኳስ መስሎኝ «ለዚህ ዜግነት ያስፈልጋል» አልኩትና ማረሜን ቀጠልኩ። «እግር ኳስ አይደለም፤ ክሪኬት ነው» አለኝ። ልጁ እዚሁ ዩጋንዳ የተወለደ፣ እናትና አባቱ ግን ከአገር ቤት ተሰደው የመጡ ነው። እውነቱን ልናገርና መልሱን አላውቀውም ነበር። መምህር ደግሞ «አላውቅም» ብሎ ዝም ማለት የለበትምና ላጣራልህ ብዬ ቃል ገባሁለት። ይህ ጽሑፍ የተወለደው ከዚያ ቃል ነው። (ዓመቶቹን በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።)

አንድ ቅዳሜ ከካንሳንጋ ተነስቼ በጂንጃ መንገድ ወደሚገኘው የሉጎጎ ክሪኬት ሜዳ ሄድኩ። የክለቦች ጨዋታ ነበር፤ ተመልካቹም ብዙ አይደለም። ከዛፍ ጥላ ሥር ሣሩ ላይ ሦስት ሰዎች ተቀምጠው ይከራከራሉ። አንዱ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው ሕንዳዊ ዝርያ ያላቸው አዛውንት ናቸው፤ ሁሉም «ምዜ» ነው የሚላቸው። ሁለተኛው ሞተሩን አጥሩ ጋ አቁሞ የመጣ የቦዳ ቦዳ ነጂ፣ ሦስተኛው የኮሌጅ ተማሪ ነው። እኔም ሰላም ብዬ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ክርክራቸው በሦስት ነገር ላይ ነበር። ኳስ መፋቅ፣ ለአገር መጫወት የሚገባው ማን ነው የሚለው፣ እና የዩጋንዳ መቺዎች ለምን አቅም አነሳቸው የሚለው ናቸው።

ጨዋታውን ለማታውቁት በአጭሩ ልግለጸው። የገና ጨዋታችንን አስቡ፤ ዱላና ሩር አለ፣ ሲመታ ደስ ይላል። በክሪኬት ግን ግብ የለም። አንዱ ቡድን ይወረውራል፣ ሌላው ይመታል። ከመቺው ጀርባ ሦስት እንጨቶች ተተክለዋል፣ ዊኬት ይባላሉ። ወርዋሪው ሃያ ሜትር ያህል ከሚርቅ ቦታ ሮጦ መጥቶ፣ ክንዱን ሳያጥፍ ኳሷን ይለቃል። እንጨቶቹን ካገኘ፣ ወይም መቺው የመታት ኳስ መሬት ሳትነካ ከተቀለበች፣ መቺው ይወጣል። መቺው አርቆ ከመታ ደግሞ ከጓደኛው ጋር ቦታ እየተለዋወጡ ይሮጣሉ፤ እያንዳንዱ ልውውጥ አንድ ራን ነው። ስድስት ውርወራ አንድ ኦቨር ይባላል። አሁን በብዛት የሚታየው አጭሩ ዓይነት ለእያንዳንዱ ቡድን ሃያ ኦቨር፣ ማለትም 120 ውርወራ ይሰጣል። አሥር ሰው ከወጣ ግን ውርወራው ባያልቅም ተራው አበቃ። ሌሎች ብዙ ሕጎች አሉ፤ ለዛሬው ይህ ይበቃናል።

የኳሷ ነገር

ክርክሩን የጀመረው የቦዳ ቦዳው ነጂ ነው። አንዱ ተጫዋች ኳሷን ሱሪው ላይ እያሸ ነበርና «ይኸው! አውስትራሊያኖቹ በዚህ አይደል የተቀጡት? ሁሉም ይሠራዋል፣ የሚቀጣው የተያዘ ብቻ ነው» አለ። ምዜ ሳቁ። «ልጄ፣ ሱሪ ላይ ማሸት ይፈቀዳል፤ እነሱ የተቀጡት በብርጭቆ ወረቀት ነው» አሉት።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ነገሩ ለሳይንስ መምህራን ጥሩ ትምህርት አለው። እኔ ራሴ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ላይ ፊዚክስ እየተማርኩ ሳለ ነው ያቋረጥኩት። ያን ቀን ሣሩ ላይ ተቀምጬ የድሮው መምህራችን ሰሌዳ ላይ የሣለው የአየር ፍሰት ሥዕል ትዝ አለኝ፤ የዚያን ጊዜ ምን እንደሚጠቅም አልገባኝም ነበር።

የክሪኬት ኳስ ውስጧ ቡሽ ነው፤ በክር ይጠቀለልና በቆዳ ይሸፈናል። ክብደቷ ከ156 እስከ 163 ግራም ነው። መሐሏን የሚዞር ጉብ ጉብ ያለ ስፌት አላት። ኳስ በአየር ውስጥ ስትሄድ ስስ የአየር ሽፋን ገላዋን ተለጥፎ ያልፋል። ለስላሳው ጎን ላይ አየሩ በሥርዓት ይፈስና ቶሎ ከኳሷ ይላቀቃል። ሻካራው ጎን ወይም ስፌቱ ያለበት ጎን ላይ ግን አየሩ ይረበሻል፤ የተረበሸ አየር ደግሞ ረዘም ላለ ጊዜ ተጣብቆ እስከ ኋላዋ ድረስ ይዞራል። በዚህ ምክንያት ከኳሷ ኋላ ያለው አየር ወደ ለስላሳው ጎን ይገፋል። የኒውተንን ሦስተኛ ሕግ የተማራችሁ መልሱን አሁን ታውቁታላችሁ፤ ኳሷ ወደ ተቃራኒው፣ ወደ ሻካራው ጎን ትታጠፋለች። ይህን ስዊንግ ይሉታል። መቺው ቀጥ ብላ ትመጣለች ሲል ጠመም ትልበታለች።

ኳሷ በሰዓት 140 ኪሎ ሜትር አካባቢ ስትወረወር ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። በሁለቱም ጎን አየሩ ስለሚረበሽ በስፌቱ በኩል ያለው ቀድሞ ይላቀቅና ኳሷ ወደ ሌላው ጎን ትታጠፋለች። አንዱ ጎኗ በጣም የሻከረች አሮጌ ኳስ ከሆነች ደግሞ ከዚህ ባነሰ ፍጥነትም ይሳካል። ይህ ሪቨርስ ስዊንግ ይባላል። መቺዎች በጣም የሚፈሩት እሱን ነው።

እንግዲህ ወርዋሪ የሚፈልገው አንዱን ጎን ማንጸባረቅ፣ ሌላውን ማሻከር ነው። ሕጉ አንዱን ፈቅዶ ሌላውን ከልክሏል። በልብስና በላብ ማሸት ይቻላል። በጥፍር መቧጨር፣ አፈር ላይ ሆን ብሎ ማሸት፣ ቅባት መቀባት፣ ስፌቱን መንቀል አይቻልም። የተገኘበት ቡድን አምስት ራን ለተቃራኒው ይሰጥበታል፤ ኳሷም ልትቀየር ትችላለች። ምራቅ ግን ለብዙ ዘመን ሲፈቀድ ኖሮ በኮሮና ምክንያት በ2020 ታገደ። በ2022 ደግሞ ዓለም አቀፉ የክሪኬት ምክር ቤት እገዳውን ቋሚ አደረገው። ትናንት ሁሉም ሲያደርገው የነበረ ነገር ዛሬ ጥፋት ሆነ ማለት ነው። ተማሪው ልጅ ይህን ይዞ «ታዲያ ሕጉ በራሱ ቋሚ ካልሆነ ሰው እንዴት አጭበርባሪ ይባላል?» ሲል ተከራከረ።

የአውስትራሊያኖቹ ታሪክ እንዲህ ነው። መጋቢት 24 ቀን 2018 ኬፕ ታውን ላይ ከደቡብ አፍሪካ ጋር ሲጫወቱ ካሜሮን ባንክሮፍት የሚባለው ወጣት ተጫዋች ቢጫ ነገር ኳሷ ላይ ሲያሽ፣ ከዚያም ሱሪው ውስጥ ሲደብቅ በካሜራ ታየ። መጀመሪያ የሚጣበቅ ፕላስተር ነው አሉ፤ በኋላ የብርጭቆ ወረቀት መሆኑ ተረጋገጠ። የአገራቸው ፌዴሬሽን አምበሉን ስቲቭ ስሚዝንና ምክትሉን ዴቪድ ዋርነርን አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ወር፣ ባንክሮፍትን ዘጠኝ ወር አገዳቸው። ዓለም አቀፉ ምክር ቤት ስሚዝን የቀጣው ግን አንድ ጨዋታና የዚያን ግጥሚያ ክፍያ ብቻ ነበር። የራሳቸው አገር ሰው በብዙ እጥፍ አከበደባቸው። ይህን ስሰማ በእውነት ገረመኝ።

ተቃራኒው ታሪክም አለ። በነሐሴ 2006 ለንደን ኦቫል ላይ ዳኞቹ ፓኪስታን ኳሷን አበላሽታለች ብለው አምስት ራን ቀጡ። ፓኪስታኖች ከእረፍት በኋላ በተቃውሞ በጊዜ ወደ ሜዳ አልተመለሱም፤ ዳኞቹም ጨዋታው ለእንግሊዝ ነው ብለው ወሰኑ። በኋላ በተደረገው ምርመራ አምበሉ ኢንዛማም ኡል ሃቅ ኳስ በማበላሸት ከቀረበበት ክስ ነፃ ሆነ፤ ጨዋታውን ባለመቀጠሉ ግን ተቀጣ። ምዜ ይህን ሲያነሱ ድምፃቸው ከፍ ብሎ ነበር። «አንዱን ሕዝብ ገና ሳይሠራ አጭበርባሪ ነው የሚሉት አሉ» አሉ። የቦዳ ቦዳው ነጂ ራሱን ነቀነቀ። እኔም ፈተና ስቆጣጠር የትኛውን ተማሪ ይበልጥ እንደማየው አሰብኩና ትንሽ አፈርኩ።

ለአገር የሚጫወተው ማን ነው?

ይህኛው ክርክር ነው የኔን ተማሪ የሚነካው። ነጂው «ቡድናችን ዩጋንዳ ይባላል እንጂ ግማሹ ከውጭ የመጣ ነው፤ የእኛ ልጆች ቦታ አጡ» አለ። ያለ ምክንያት አይደለም የተናገረው። ሪያዛት አሊ ሻህ የተወለደው ፓኪስታን፣ ጊልጊት ነው። አልፔሽ ራምጃኒና ዲኔሽ ናክራኒ ሕንድ ውስጥ ተወለዱ። ራምጃኒ በ2023 በአጭሩ የክሪኬት ዓይነት በዓለም አቀፍ ጨዋታ 55 መቺዎችን አስወጥቶ ለዓመቱ ምርጥ ተጫዋችነት ከታጩት አራት ሰዎች አንዱ ነበር። በሌላ በኩል ጁማ ሚያጊና ሳይመን ሴሳዚ ያደጉት ናጉሩ ድሃ ሰፈር ውስጥ ነው። ናጉሩ ከሜዳው አጠገብ ያለው ኮረብታ ነው፤ እኛ ከተቀመጥንበት ይታያል።

ሕጉ ምን ይላል? የዓለም አቀፉ ምክር ቤት ደንብ ሦስት በር ይከፍታል። በዚያ አገር መወለድ፣ ወይም የዚያ አገር ዜጋ መሆን፣ ወይም ያለፉትን ሦስት ዓመታት በተከታታይ እዚያ መኖር። ከሦስቱ አንዱ ይበቃል። ለአንድ አገር ተጫውቶ ወደ ሌላ የሚዛወር ሰው ደግሞ እንደ ሁኔታው የሚጠብቀው ጊዜ አለ። እግር ኳስና ኦሊምፒክ ግን ዜግነት ይጠይቃሉ።

ለእኛ ልጆች ልዩነቱ ትልቅ ነው። በ1995ቱ የዩጋንዳ ሕገ መንግሥት መሠረት ከስደተኛ ወላጆች እዚህ መወለድ ብቻውን ዜግነት አያሰጥም። ስለዚህ ተማሪዬ በአገሪቱ ሕግ ዩጋንዳዊ አይደለም። በክሪኬት ደንብ ግን በመወለዱም በመኖሩም ብቁ ነው፤ በአንዱ ሳይሆን በሁለት በር ሊገባ ይችላል። ከዚያ በኋላ ያለው እንግዲህ የወረቀት ጉዳይ ነው። የልደት ምስክር ወረቀት ያስፈልገዋል፣ ውጭ አገር ለመጫወት የስደተኛ የጉዞ ሰነድ ማውጣት አለበት። ወረቀት ማውጣት ምን እንደሚመስል ለእናንተ አልነግራችሁም። የኔን የትምህርት ማስረጃ ከአገር ቤት ለማስላክ ስንት ዓመት እንደፈጀ እኔ ነኝ የማውቀው፤ እስካሁንም ግማሹ አልመጣም። ወላጆች ሆይ፣ የልጆቻችሁን የልደት ወረቀት ዛሬውኑ ፈልጋችሁ በላስቲክ ጠቅልላችሁ አስቀምጡ።

ለነጂው መልስ የሰጡት ምዜ ናቸው። «እኔ የተወለድኩት ካምፓላ ነው። በ1972 አሚን ዘጠና ቀን ሰጠን፣ ወጣን። እዚህ መወለዴን ማን ጠየቀኝ? ከብዙ ዓመት በኋላ ተመልሼ መጣሁ። አሁን ደግሞ አንተ የተወለደበትን ትጠይቃለህ» አሉት። ነጂው «አይ ምዜ፣ እርስዎንማ አይደለም፤ እርስዎ የእኛ ነዎት» አለ። «የእኛ ለመሆን ስንት ዓመት ፈጀብኝ?» አሉት። ለትንሽ ጊዜ ሁላችንም ጨዋታውን ማየት ጀመርን።

ነገሩ ግን የነጂው ስህተት ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። የናጉሩ ልጅ ጫማ ሳይኖረው ሲለማመድ፣ በሌላ አገር አካዳሚ ውስጥ ሰልጥኖ የጨረሰ ሰው መጥቶ ሦስት ዓመት ኖሮ ቦታውን ቢወስድ ቅሬታ ይገባዋል። እኔ እንደሚመስለኝ ጥያቄው የት ተወለደ ሳይሆን ከመጣ በኋላ እዚህ ምን ሠራ ነው። ሰኔ 5 ቀን 2024 ጉያና ውስጥ ዩጋንዳ በዓለም ዋንጫ ታሪኳ የመጀመሪያውን ድል ያገኘችው ፓፑዋ ኒው ጊኒን አሸንፋ ነው። ፓፑዋ 77 ራን ብቻ አስመዝግባ ወጣች። ዩጋንዳ ግን በ26 ራን አምስት ሰው አጣች። ያን ጊዜ ሜዳ ላይ አብረው የቆሙትና ቡድኑን ያተረፉት የጊልጊቱ ሪያዛትና የናጉሩው ጁማ ሚያጊ ነበሩ። ይህን ስናነሳ ነጂው ራሱ እየሳቀ አጨበጨበ።

እኛ ሐበሾችም ይህን ክርክር በሌላ ስም እናውቀዋለን። ሲፋን ሐሰን አዳማ አካባቢ ተወልዳ በ2008 በአሥራ አምስት ዓመቷ በስደት ኔዘርላንድ ገባች፤ በቶኪዮ ኦሊምፒክ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር፣ በ2024 ፓሪስ ላይ ደግሞ በማራቶን ወርቅ ወሰደች። በማራቶኑ የቀደመቻት የእኛዋን ትዕግስት አሰፋን ነው። ያን ቀን በካንሳንጋ ሻይ ቤቶች የነበረውን ጭቅጭቅ ያየ ሰው አይረሳውም፤ ግማሹ «ያው የእኛው ናት» ይላል፣ ግማሹ ተናዶ ሒሳብ ከፍሎ ይወጣል። ዮናስ ክንዴ ደግሞ በ2016 ሪዮ ላይ በመጀመሪያው የስደተኞች ኦሊምፒክ ቡድን ውስጥ ማራቶን ሮጧል፤ ቡድኑ አሥር ሰው ነበረው።

ስለ ስደተኛና ክሪኬት ከተነሳ አፍጋኒስታንን መዝለል አይቻልም። የዚያ አገር ክሪኬት የተጀመረው በፔሻዋር አካባቢ ባሉ የፓኪስታን የስደተኛ ካምፖች ነው ማለት ይቻላል። ከሶቪየት ወረራ የሸሹ ቤተሰቦች ልጆች ጨዋታውን ከጎረቤት ልጆች ተማሩ። ፌዴሬሽናቸው በ1995 ተቋቋመ፤ በ2001 የዓለም አቀፉ ምክር ቤት አባል ሆኑ፤ በ2017 ከትልልቆቹ አገሮች ተርታ ገቡ፤ በ2024 የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ደረሱ። ሞሐመድ ነቢ በልጅነቱ ፔሻዋር ውስጥ በስደት ሳለ ነው መጫወት የጀመረው። በዚያው ዋንጫ ዩጋንዳን በመጀመሪያው ጨዋታ በ125 ራን የረቱት እነሱ ናቸው።

የመቺዎቹ አቋም

ሦስተኛው ክርክር አጭር ነበር፤ ዝናብ መጥቶብን ተበተንን። ተማሪው በስልኩ ቁጥሮች ያወጣል። በ2024 ዋንጫ ዩጋንዳ በአራት ጨዋታ ያስመዘገበችው 58፣ 78፣ 39 እና 40 ነው። ሠላሳ ዘጠኙ ከዌስት ኢንዲስ ጋር የሆነ ሲሆን በዚያ ዋንጫ ታሪክ ከዝቅተኛዎቹ ጋር እኩል ነው። «መቺዎቻችን አቋም የላቸውም» ይላል።

የሒሳብ መምህራን፣ ይህችን ለክፍል ተጠቀሙባት። አራቱን ስንደምር 215 ራን ነው። የወጡት ሰዎች 10፣ 7፣ 10 እና 10፣ ድምሩ 37። 215 ለ37 ሲካፈል በአንድ ሰው ስድስት እንኳን አይሞላም። የአንድ መቺ አማካይም እንዲሁ ነው የሚሰላው፤ ያስመዘገበው ራን ለወጣበት ብዛት ይካፈላል። የአውስትራሊያው ዶን ብራድማን 6,996 ራን አስመዝግቦ 70 ጊዜ ወጣ። አካፍሉት፣ 99.94 ይመጣል። በ1948 የመጨረሻ ተራው ላይ አራት ራን ብቻ ቢጨምር መቶ ይሞላለት ነበር፤ በሁለተኛው ውርወራ በዜሮ ወጣ። አንዲት ማስጠንቀቂያ ደግሞ ለተማሪዎች፦ 18.2 ኦቨር ሲባል አሥራ ስምንት ኦቨርና ሁለት ውርወራ ማለት ነው። አሥርዮሽ መስሎት በስድስት የሚያባዛ ይሳሳታል፤ ትክክለኛው 110 ውርወራ ነው።

አማካይ ግን ሁሉን አይናገርም። ሪያዛት በፓፑዋው ጨዋታ 33 ራን ያስመዘገበው በ56 ውርወራ ነው። በዚህ አጭር ጨዋታ ይህ ቀርፋፋ ይባላል፤ በሌላ ቀን ተመልካቹ ይጮህበት ነበር። የሚፈለገው ግን 78 ብቻ ስለነበር መቸኮል አላስፈለገውም። የጨዋታው ምርጥ ተብሎም ተሸልሟል። ትልልቆቹም ይደርቃሉ፤ የሕንዱ ቪራት ኮህሊ ከኅዳር 2019 እስከ መስከረም 2022 ድረስ በዓለም አቀፍ ጨዋታ አንድም መቶ አላስመዘገበም። ምዜ እንዳሉት የዩጋንዳ ችግር የአቋም ሳይሆን የልምምድ ነው። ዊንድሁክ ላይ በኅዳር 2023 ዚምባብዌን አሸንፎ ያለፈው ቡድን ይኸው ነው፤ በስድስት ወር ውስጥ መምታት አልረሳም። እንደ አፍጋኒስታኑ ፋሩቂ ያለ ፈጣን ወርዋሪ በየሳምንቱ የሚያገኝበት ቦታ ነው የሌለው። ነጂው አልተስማማም። ለ2026ቱ ዋንጫ ከአፍሪካ ማጣሪያ ያለፉት ናሚቢያና ዚምባብዌ መሆናቸውን አንስቶ «ምክንያት፣ ምክንያት!» እያለ ሞተሩን አስነሳ።

ለተማሪዬ ሰኞ ዕለት መልሱን ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና «ስለዚህ መጫወት ከቻልኩ ችግር የለም?» አለ። የልደት ወረቀት አለህ ወይ ስለው እናቱ ጋ እንዳለ አያውቅም። ከዚያ ወዲህ የቴኒስ ኳስ ግማሹን በኤሌክትሪክ ፕላስተር ጠቅልለን ከትምህርት ቤቱ ጀርባ እንወረውራለን። ለስላሳው በአንድ ጎን፣ ጠጉራሙ በሌላው ጎን ስለሚሆን ኳሷ በደንብ ትታጠፋለች። ስምንተኛ ክፍሎች ወደየት እንደምትታጠፍ ከመወረወሯ በፊት በደብተራቸው ላይ ይጽፋሉ። ባለፈው ረቡዕ ከሃያ ሁለት ተማሪ አሥራ አራቱ አግኝተውታል። ኳስና ፕላስተር የምትፈልጉ መምህራን ካላችሁ ለዝግጅት ክፍሉ ጻፉ፤ ምዜ አንድ ካርቶን አሮጌ የቴኒስ ኳስ ልከውልናል።